ያልተመሳሰለው መስመር

ዓርብ ማታ ግጥሜን ሦስት ጊዜ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ከዚያም አጣጥፌ በኮቴ የውስጥ ኪስ አኖርኩት። በማግስቱ፣ እዚሁ አዲስ አበባ፣ በአንድ የሥነ ጥበብ ማዕከል ግቢ ውስጥ በሚካሄድ የጥበብ ፌስቲቫል ላይ፣ ከስድስት ገጣምያን አንዱ ሆኜ እንዳነበው ተጋብዤ ነበር። ግጥሙ ስለ አንድ ሽማግሌ እጅ ነው። ስለሚንቀጠቀጥ እጅ፤ ዕድሜ ልኩን ሲሠራ ኖሮ ዛሬ ብርጭቆ ማንሣት ስለከበደው እጅ። ቀደም ሲል በሌላ መድረክ ላይ ሳነበው አንዲት እናት ዕንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሲጠርጉ አይቻለሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ ይህ ግጥም የክት ልብሴ ሆነ። ሰው ፊት በቀረብኩ ቁጥር እሱን ለብሼ እወጣለሁ።

እንጀራዬ ግን ሌላ ነው። በአንድ ባንክ ቅርንጫፍ፣ በመስኮት ቁጥር ስድስት፣ ገንዘብ ከፋይ ነኝ። በአካውንቲንግ ዲግሪዬን ከያዝኩ አሥራ አንድ ዓመት አለፈኝ፤ አሥራ አንዱንም ዓመት ከመስታወት ኋላ ተቀምጫለሁ። ከውጭ ለሚያየኝ ሥራዬ ገንዘብ መቁጠር ይመስላል፤ በእውነቱ ግን ማመሳሰል ነው። ሰው ይመጣል፤ ደብተሩንና መታወቂያውን ያቀርባል። እኔም ፎቶግራፉን ከፊቱ ጋር፣ ፊርማውንም በኮምፒውተሩ ላይ ከሚታየኝ ናሙና ጋር አስተያያለሁ። ከተመሳሰለ እከፍላለሁ፤ ካልተመሳሰለ እመልሳለሁ። ለአንድ ሰው ፊት የምሰጠው ጊዜ ከሁለት ሴኮንድ አይበልጥም። ማታ ቤቴ ስገባ ደግሞ መብራቴን አብርቼ ስለ ሰው ልጅ እገጥማለሁ።

እነዚህ ሁለት ሥራዎቼ ለብዙ ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ሲኖሩ እርስ በርስ ተያይተው አያውቁም ነበር። የተያዩት በዚያ ቅዳሜ ነው።

*

ከግቢው የደረስኩት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። የግጥሙ ዝግጅት የሚጀምረው አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስለነበር ጊዜ ተርፎኛል። በድንኳኖቹ ሥር መጻሕፍት፣ የብር ጌጣጌጥ፣ የሸክላ ዕቃና በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ይሸጣል። በዛፎቹ መካከል በተወጠረ ገመድ ላይ የተማሪዎች ሥዕሎች እንደ ታጠበ ልብስ ተሰቅለው ነፋስ ያወዛውዛቸዋል። አንድ ጥግ ላይ ቡና ይፈላል፤ ሌላው ጥግ ላይ ሕፃናት ጉንጫቸውን በቀለም አስቀብተው ይሯሯጣሉ። እኔም እጄን በየደቂቃው ወደ ኪሴ እየሰደድኩ፣ ወረቀቴ በቦታው መኖሩን እያረጋገጥኩ እዞር ነበር። መድረክ የሚጠብቅ ሰው ምን ዓይን አለው? ሁሉን ያያል፤ አንዱንም አያይም።

ከግቢው መጨረሻ፣ ከጥድ ዛፎቹ ሥር፣ ሠላሳ ያህል ሰዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። በመካከላቸው ከመሬት ክንድ ያህል ከፍ ያለ የእንጨት መድረክና አንዲት ወንበር አለ። ከመድረኩ አጠገብ አንድ ወጣት ማሲንቆውን ይቃኛል። በካርቶን ላይ «ከሰው ፊት ለፊት፦ ኑ፣ አብረን እንሣል» ተብሎ ተጽፏል። የንድፍ መምህር የሆነች ወጣት ሴት ለመጣው ሁሉ በጣውላ ላይ የተወጠረ ወረቀት፣ የሥዕል ከሰልና ቁራሽ ዳቦ ታድላለች።

«እኔ መሣል አልችልም» አልኳት።

«ማየትስ ትችላለህ?»

ይህስ ጥያቄ ነው ብዬ ሳቅሁ። ኋላ ሳስበው፣ በዚያ ቀን ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ የከበደው እሱ ነበር። ጣውላውን ተቀብዬ፣ በተገኘው ባዶ መቀመጫ፣ ከመድረኩ በስተግራ ተቀመጥኩ።

መምህርቷ ከመጀመሯ በፊት ስለያዝነው ዕቃ ነገረችን። ከሰሉ ቡና የምናፈላበት ዓይነት አይደለም፤ ቀጫጭን ጭራሮ አየር በማያገኝ ዕቃ ውስጥ ታፍኖ ሲቃጠል የሚገኝ ነው፤ በትንሹ ሲነኩት ይሰበራል፣ በትንሹም ሲጠርጉት ይጠፋል። ዳቦው ደግሞ የሚበላ ሳይሆን የሚያጠፋ ነው። የዛሬው ላጲስ ሳይመጣ ሠዓሊዎች መስመራቸውን የሚያርሙት በዳቦ ፍርፋሪ ነበር አለች። አጠገቤ የተቀመጠ አንድ ልጅ ግን ማረሚያውን ከወዲሁ እየገመጠው ነበር።

ቀጥላም ስለ ነገሩ ጥንተ ታሪክ አወጋችን። በአውሮፓ የሥዕል ትምህርት ቤቶች ከሕያው ሰው ፊት ቆሞ መሣል ለብዙ መቶ ዓመታት የሙያው መሠረት ሆኖ ኖሯል። በእኛ ዘንድ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ሙያውን የሚወርሰው ከመምህሩ ሥራ እየቀዳ ነው፤ የሚሥለውም ሰው በዓይን ሲታይ የሚመስለውን ሳይሆን በሃይማኖት የሚታወቀውን ነው። ስለዚህም ጻድቃን ፊታቸውን ሙሉ ለሙሉ ወደ እኛ መልሰው በሁለት ዓይናቸው ያዩናል፤ ኃጥአንና አጋንንት ደግሞ በጎን ይሣላሉ፣ አንድ ዓይን ብቻ ይኖራቸዋል። በቺካጎ ተምረው የተመለሱት ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ሲመሠርቱ፣ በሕያው ሰው ፊት ተቀምጦ ንድፍ ማጥናት የተማሪው የዘወትር ሥራ ሆነ። በዚያው ትምህርት ቤት ካስተማሩት አንዱ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ነው፤ ሐረር እ.ኤ.አ. በ1932 ተወልዶ፣ በጀርመን አገር ሥዕል ተምሮ፣ በ1981 በአሜሪካ በስደት ያረፈው ሠዓሊና ገጣሚ። ስሙ ሲጠራ ቀና አልኩ። በአንድ እጁ ብሩሽ፣ በሌላው ብዕር የያዘ ሰው ነበርና በልቤ የእኔ ወገን አድርጌዋለሁ። ገጣሚ ከመሆን በስተቀር ከእሱ ጋር የሚያገናኝ ነገር እንደሌለኝ ትዝ ያለኝ ከሰሉን እንዴት እንደምይዝ ሳላውቅ ስቀር ነው።

*

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ማሲንቆው ሲጮህ እንሥላለን፤ ዝም ሲል የሚሣለው ሰው አቋቋሙን ይለውጣል። መጀመሪያ የአንድ አንድ ደቂቃ፣ ቀጥሎ የአምስት አምስት ደቂቃ፣ በመጨረሻ የሃያ ደቂቃ። ሥፍራው የሕፃንና የአዋቂ አደባባይ ስለሆነ የሚሣለው ሰው እንደ ለበሰ ይሣላል።

ከድንኳኑ ጀርባ አንድ ረጅም ሽማግሌ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። መምህርቷ እጇን ልትሰጣቸው ስትጠጋ በትህትና እንቢ ብለው መድረኩ ላይ ራሳቸው ወጡ። የትምህርት ቤቱ ልጆች ለልምምድ ሲሥሏቸው ቆይተዋልና መቆምን ያውቁበታል። ከዘራቸውን ወደ ፊት ተክለው፣ ሩቅ እንደሚመለከት ሰው አንገታቸውን ቀና አድርገው ዝም አሉ። ማሲንቆው ተነሣ።

«ወረቀቱን አትዩ፤ እሳቸውን እዩ» አለች መምህርቷ። «እጃችሁ ዓይናችሁን ይከተል።»

አንድ ደቂቃ እንዲህ አጭር መሆኑን አላውቅም ነበር። ማሲንቆው ዝም ሲል ወረቀቴ ላይ የነበረው በመሐሉ የታሠረ ጆንያ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ጆንያው ከዘራ ጨበጠ። በሦስተኛው መሣቄን ተውኩ። በአራተኛው የትከሻቸውን ስበት አየሁት፤ ቀኝ ትከሻቸው ከግራው ዝቅ ይላል። ይህን ያየሁት እኔ ነኝ፤ ማንም አልነገረኝም። ልቤ ሞቅ አለ።

በአምስት ደቂቃው ላይ መምህርቷ ከኋላዬ መጥታ ቆመች። «ዓይናቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለኸዋል» አለችኝ። ከሰሉን ክንዴን ዘርግቼ እንድይዝ፣ በአውራ ጣቴ ጥፍር ከአናት እስከ ዓይን፣ ከዓይን እስከ አገጭ እንድለካ አሳየችኝ። ለካሁ። እኩል ነው። የሰው ዓይን የሚገኘው በራሱ ቁመት እኩሌታ ላይ ነው፤ ጀማሪ ሁሉ ግን ግንባርን ስለሚንቅ ዓይንን ወደ ላይ ይሰቅላል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በቀን መቶ ፊት ከመቶ ፎቶግራፍ ጋር ሳስተያይ የኖርኩ ሰው፣ ዓይን የት እንዳለ የተነገረኝ በዚያች ቅዳሜ ነው።

*

ለሃያ ደቂቃው ወንበሩ ቀረበላቸው። ተቀመጡ፤ ከዘራቸውን በጭናቸው ላይ አጋደሙት፤ ሁለት እጃቸውንም በላዩ አሳረፉ። ከእኔ በኩል የሚታየኝ የፊታቸው አንድ ጎን ነው፦ ጆሮ፣ የጉንጭ አጥንት፣ አንድ ዓይን። ማሲንቆው ቀስ ብሎ ጀመረ። ሽማግሌው እንደ ዓለት ረጉ። መላ አካላቸው ጸጥ አለ፤ ከቀኝ እጃቸው በስተቀር።

ቀኝ እጃቸው በከዘራው ላይ ትንቀጠቀጥ ነበር።

«እጃቸው ይንቀሳቀሳል» አለች መምህርቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እንደሚንቀሳቀስ ሣሉት። አንድ መስመር ካልበቃችሁ ሦስት አድርጉት።»

ሦስት።

ያን ጊዜ ዐወቅኋቸው።

የጡረታ መክፈያ ሰሞን ነበር፤ ዕለቱም ዓርብ። ወረፋው ከበሩ ወጥቶ እስከ መንገዱ ደርሷል፤ ለምሳ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው። በመስኮቱ ሥር አንድ የገንዘብ ማውጫ ቅጽ ገባልኝ። ፊርማውን አየሁ፤ እንደ ተሰበረ ሽቦ የተቆራረጠ መስመር። በኮምፒውተሩ ላይ ያለው ናሙና ግን ከብዙ ዓመት በፊት የተፈረመ፣ ቀጥ ያለ፣ መጨረሻው ላይ እንደ ጅራፍ የሚወነጨፍ ውብ ፊርማ ነው።

«አባባ፣ ፊርማዎ አይመሳሰልም።»

ሌላ ቅጽ ሰጠኋቸው፤ ፈረሙ። ከመጀመሪያው የባሰ ሆነ። ሦስተኛ ሰጠኋቸው። እያየኋቸው ነበርና ሦስተኛው ከሁሉም የከፋ ሆነ።

«ልጄ፣ የተለወጠው እጄ ነው እንጂ እኔማ ያው እኔ ነኝ» አሉኝ።

ለዚህ መፍትሔ እንዳለው ዐውቃለሁ። መታወቂያቸውን አጣርቶ፣ አለቃን ጠርቶ፣ አዲስ የናሙና ካርድ ማስፈረም ነው። ቢበዛ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ግን ወረፋው ያጉረመርማል፣ ሆዴም ይጮኻል። «ሰኞ ይምጡ» አልኳቸው። ሦስቱን ቅጾች አንድ ላይ አጣጥፈው፣ እንደ ውድ ነገር በደረት ኪሳቸው ከተቱና ዞሩ። ሲዞሩ ያየሁት ይህንኑ ጎናቸውን ነበር፦ ጆሮ፣ የጉንጭ አጥንት፣ አንድ ዓይን። «ቀጣይ!» አልኩ።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን መጻፍ ይከብደኛል። ሰኞ እንዲመጡ ስነግራቸው፣ ሰኞ እኔ የዓመት ፈቃዴን እንደምጀምር ዐውቅ ነበር። ግጥሙንም የጻፍኩት በዚያ ፈቃድ ላይ ነው። በአንድ ሌሊት ሳልሰርዝ ሳልደልዝ ስጨርሰው ከየት መጣልኝ ብዬ ራሴን አልጠየቅሁም፤ ከልቤ የመነጨ መሰለኝ። ለካስ እጁን ወስጄ ሰውየውን ሜዳ ላይ ጥዬው ኖሯል። በእጁም አስጨበጨብኩ።

ማሲንቆው ቀጥሏል። ወረቀቴ ላይ በጎን የተሣለ ፊት አለ፤ አንድ ዓይን ያለው። መምህርቷ የነገረችን የቤተ ክርስቲያኑ ሕግ ትዝ አለኝ። ሽማግሌውን በኃጥእ ወገን ያስቀመጣቸው የገዛ ጠባያቸው አይደለም፤ እኔ የተቀመጥኩበት ቦታ ነው። ጣውላዬን አንሥቼ ተነሣሁ። በሰዎቹ ጀርባ ዞሬ፣ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ከመድረኩ ፊት ለፊት ሣሩ ላይ ተንበርክኬ ተቀመጥኩ። አሁን ሁለቱም ዓይኖቻቸው ታዩኝ። እኔም ታየኋቸው። ፊታቸው ላይ አንዲት መስመር አልተናወጠችም፤ የሚሣል ሰው አይንቀሳቀስምና።

አዲስ ወረቀት ገለጥኩ። ስንት ደቂቃ እንደቀረኝ አላውቅም። ከአናት እስከ ዓይን፣ ከዓይን እስከ አገጭ ለካሁ። ግንባራቸውን አልናቅሁትም። ከቅንድባቸው ሥር ያለውን ጥላ፣ ከአፍንጫቸው ወደ አፋቸው ጥግ የሚወርደውን ጥልቅ ቦይ፣ አንድ ቀን ሳይላጭ ያደረውን ሽበት ተከተልኩ። የእኔው ከሰል ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ቀጥ ብሎ የወጣልኝ አንድ መስመር የለም። ይሁንና እንደዚያ ዕለት ሰውን አይቼ አላውቅም። የከዘራው ላይ ስደርስ ግን እጄ ቆመ። በእጃቸው ቦታ ነጭ ወረቀት ተውኩ።

*

የዝግጅቱ መደምደሚያ ተመልካቹ የሚታይበት ነው። ሁሉም ሥዕሉን ከፊቱ መሬት ላይ ያስቀምጣል፤ ሲሣል የቆየው ሰው ደግሞ ከመድረኩ ወርዶ፣ እየዞረ፣ እንዴት እንዳዩት ያያል። ሽማግሌው ከዘራቸውን እየተከሉ መጡ። በአንዱ ሥዕል ይስቃሉ፣ ሌላውን ራሳቸውን እየነቀነቁ ያልፋሉ። ጆንያዬን እንዳያዩብኝ ከሥር ደብቄዋለሁ። ከእኔ ዘንድ ሲደርሱ ጎንበስ አሉ።

«ልጄ፣ እጄን የት አደረስከው?»

«አልቻልኩም አባባ።»

«ከባድ ነው፤ እኔም አልቻልኩትም» ብለው ሳቁ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «የመስኮት ስድስቱ አይደለህም?»

«ነኝ።»

ጥቂት ዝም አሉ። «ሰኞ መጥቼ ነበር» አሉ። ቁጣ የለበትም፤ ነገሩን ለማስታወስ ያህል ብቻ ነው።

ይቅርታ ለመጠየቅ ያሰብኩት ቃል ሁሉ ጠፋኝ፤ ገጣሚ መሆኔም አልጠቀመኝም። «መምጣትዎን ዐውቄ ነው የቀጠርኩዎት፤ እኔ ግን እንደማልኖር ዐውቅ ነበር» አልኳቸው። ከሱ የተሻለ እውነት አላገኘሁም።

አጠገቤ ካለው ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። ያን ዕለት መስኮቴ ተዘግቶ ስላገኙት፣ ሌላውንም ወረፋ ለመቆም ጉልበት ስላጡ ተመልሰው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ለልጃቸው ውክልና ሰጥተው እሷ ትቀበልላቸዋለች። «ገንዘቡስ በሰዓቱ ይመጣል» አሉኝ፤ «የማልመጣው እኔ ነኝ እንጂ።» በማተሚያ ቤት ሠላሳ ሁለት ዓመት ፊደል ለቃሚ ነበሩ። ኮምፒውተር ሳይመጣ፣ የእርሳስ ፊደል ከየሣጥኑ አንድ በአንድ እየለቀሙ፣ በግልባጩ እያነበቡ፣ መስመር እየደረደሩ ገጽ የሚሠሩት እሳቸውን የመሰሉ ሰዎች ናቸው። የስንት ደራሲ፣ የስንት ባለቅኔ ቃል በዚያች ቀኝ እጅ አልፏል። እኔ የናሙና ፊርማዋን ብቻ ነበር የማውቃት።

«ፊደል ይዛባል» አሉ፣ የእኔን ፊት አይተው ሊያጽናኑኝ ይሁን ወይም እንዲሁ ትዝ ብሏቸው አላውቅም። «ማረሚያ ይወጣል፤ ይታረማል። ክፉው ነገር ሳይታረም የታተመው ነው።»

ከዚያም ወደ ወረቀቱ አመለከቱ። «ልጆቹ ሥዕል ሲጨርሱ ይፈርሙበታል። ፈርምበት።»

ጣቶቼ በከሰል ጠቁረው፣ ከወረቀቱ ጥግ ፈረምኩ። መስመሩ ተቆራረጠ፤ መጨረሻው መወንጨፉ ቀርቶ ወደ ታች ተንሸራተተ። ጎንበስ ብለው ዓይናቸውን አጥብበው መረመሩት።

«ናሙናው ቢኖረን» አሉ፤ «እናስተያየው ነበር።»

እሳቸው ሳቁ። እኔም ለመሣቅ ሞከርኩ።

*

ምሽቱን መድረኩ ላይ ስሜ ሲጠራ፣ ሽማግሌው በፊተኛው ረድፍ፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሐል ተክለው ተቀምጠዋል። እጄን ወደ ኪሴ ሰደድኩ፤ ወረቀቱ በቦታው ነበር። ያ ግጥም አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ሊነበብ ይችላል፤ እዚያ ወንበር ላይ በተቀመጡት አንድ ሰው ፊት ግን አይነበብም። እጄን ባዶውን አወጣሁት።

«ያመጣሁት ግጥም ገና ማረሚያ ላይ ነው» አልኩ።

ሕዝቡ ዝም አለ። ከፊት ረድፍ አንድ ሳቅ ብቻ ተሰማ። ስለ ክረምት ዝናብ የጻፍኳትን አጭር ግጥም በቃሌ ብዬ ወረድኩ። ጭብጨባው ለብ ያለ ነበር፤ እንቅልፌን ግን አልነሣኝም።

ኋላ ስለዚህ ሙያ የተጻፈ ሳነብ አንድ ነገር አገኘሁ። ጂያኮሜቲ የተባለው የስዊስ ሠዓሊና ቀራፂ እ.ኤ.አ. በ1964 በፓሪስ ጄምስ ሎርድ የተባለ አሜሪካዊ ደራሲን አስቀምጦ መልኩን መሣል ጀመረ። ሥራው የአንድ ከሰዓት በኋላ ጉዳይ መስሎ ነበር፤ አሥራ ስምንት ቀን ፈጀ። እየሣለ ይደመስስ ነበር፤ ሲደመስስም እንደገና ይጀምራል። አንድ ፊት በአሥራ ስምንት ቀን አላልቅ ያለው እንዲህ ያለ ጌታ ነው። እኔ ግን በሁለት ሴኮንድ ጨርሼ «ቀጣይ!» እል ነበር።

በተከታዩ ሳምንት ረቡዕ ሽማግሌው ከልጃቸው ጋር ወደ ባንኩ መጡ። «ዝግ ነው» የሚለውን ሰሌዳ መስኮቴ ላይ አቁሜ፣ ከመስታወቱ ኋላ ወጥቼ፣ በደንበኞች ወንበር ላይ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ወረፋው አጉረመረመ፤ አለቃዬም ሰዓቱን አየ። አዲሱ የናሙና ካርድ ሦስት ጊዜ ያስፈርማል። ሲፈርሙ እጃቸውን አላየሁባቸውም፤ የልጃቸውን ትምህርት እየጠየቅሁ ወደ ሌላ አየሁ። ሦስቱ ፊርማዎች እርስ በርሳቸው አይመሳሰሉም። ሦስቱም ግን ከላይ ወደ ታች በምትወርድ አንዲት ጽኑ መስመር ይጀምራሉ፤ የድሮውም እንዲያው ነበር። ያን ዓርብ ልብ ብል ኖሮ ይታየኝ ነበር። ሁሉም ነገር የፈጀው አሥራ አራት ደቂቃ ነው።

ግጥሙን አልቀደድኩትም፤ ሠርዤው ግን ጨርሻለሁ። ከሠላሳ ስንኝ ውስጥ የቀረ የለም። በቦታው እስከ ዛሬ የጻፍኩት ሁለት ስንኝ ብቻ ነው፦

ካርዱን ገላልጬ ፊርማውን አየሁት፣
ሰውየውን ግና ሳላየው ሸኘሁት።

ሥዕሉ በመኖሪያ ክፍሌ፣ ከጠረጴዛዬ ትይዩ፣ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ሁለቱም ዓይኖቻቸው በቦታቸው ናቸው፤ በራሳቸው ቁመት እኩሌታ ላይ። የእጃቸው ቦታ አሁንም ነጭ ነው። በየወሩ መጀመሪያ ገንዘባቸውን ለመቀበል ራሳቸው ሲመጡ፣ ሳያስታውቀኝ አየዋለሁ። ማታም ከሰሌን አንሥቼ አንድ ሁለት መስመር እሞክራለሁ፤ ከዚያም በዳቦ አጠፋዋለሁ።